ከቀን ሠራተኛ ልብ ወደ ልጅ ልብ

የጥናት ክፍል፦ ፊልጵስዩስ 2፥1-11፤ ፊልጵስዩስ 2፥19-30፤ ሉቃስ 15፥11-32

ትምህርቱን ከመጀመራችን በፊት መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱና ከላይ የተጠቀሱትን ክፍሎች አንድ ጊዜ በጸጥታ አንብቧቸው። ክፍሎቹን ሳታነቡ ብትቀጥሉ የትምህርቱ ግማሽ ይቀርባችኋል።

ወላጆቻችን «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላሉ። ዳቦ የሚቆርስ ሰው ለሌላው በልክ በልክ ሲቆርስ ይቆይና ወደ ራሱ ድርሻ ሲደርስ ቢላዋው ትንሽ ራቅ ብሎ ያርፋል። ይህን ማንም አላስተማረውም። ከውስጡ የመጣ ነው። ተረቱን ስንሰማ የምንስቀው ሁላችንም ራሳችንን ስለምናውቅ ነው። ነገር ግን ይህ ልማድ ከዳቦው አልፎ ወደ ትዳራችን፣ ወደ ወንድማማችነታችንና ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሲገባ የሚያስቅ ነገር አይሆንም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ራስን መንከባከብ ራስ ወዳድነት አይደለም። ጌታ ባልንጀራችንን እንድንወድ ሲያዝዘን መለኪያ ያደረገው ራሳችንን የምንወድበትን ፍቅር ነው (ማቴዎስ 22፥39)። ጳውሎስም በፊልጵስዩስ 2፥4 የራሳችንን ጉዳይ ጨርሰን እንድንረሳ አላለም፤ የራሳችንን ብቻ እንዳንመለከት ነው ያለው። እንግዲህ መድኃኒት የምንፈልግለት በሽታ የቱ ነው?

1. ጳውሎስ የተጠቀመበት ቃል

በፊልጵስዩስ 2፥3 ላይ ጳውሎስ ምንም ነገር በራስ ወዳድነት እንዳናደርግ ያስጠነቅቃል። በግሪኩ የምናገኘው ቃል «ኤሪቴያ» ይባላል። የቃሉ መነሻ «ኤሪቶስ» ሲሆን ተቀጥሮ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ማለት ነው። ቃሉ ውሎ አድሮ ለጥቅሙ ብሎ ሥልጣን የሚያሳድድን፣ ለዚያም ሰው ከጎኑ የሚያሰልፍን ሰው ጠባይ መግለጫ ሆነ። ፈላስፋው አርስቶትል ስለ መንግሥታት ሲጽፍ በዚህ ትርጉም ተጠቅሞበታል።

አደራ፣ እንዳትሳሳቱ። በቀን ወይም በሰዓት እየተከፈለን መሥራታችን ነውር አይደለም። አብዛኞቻችን በስደት ምድር ቤተሰብ የምናስተዳድረው እንዲሁ ነው። እኔም የሴሚናሪ ተማሪ ሳለሁ ሌሊት ሌሊት መኪና ማቆሚያ ውስጥ በሰዓት እየተከፈለኝ እሠራ ነበር። ሥራ ቦታ ላይ ሰዓትን መቁጠር ተገቢ ነው። የሠሩበትን ደመወዝ መጠየቅም መብት ነው። የሠራተኛን ደመወዝ የሚያስቀሩትን እግዚአብሔር ራሱ እንደሚሟገታቸው ያዕቆብ 5፥4 ይነግረናል። በሰው ቤት ሠርታችሁ ደመወዛችሁ የተያዘባችሁ እህቶች ይህን ቃል ያዙት።

ችግሩ የሚመጣው ሰዓት ቆጣሪው ከሥራ ቦታ ተከትሎን ወደ ቤት ሲገባ ነው። «እኔ ይህን ያህል ሠርቻለሁ፣ አንቺስ?» «ትናንት ልጆቹን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬ ተራው ያንተ ነው።» «እኔ ስታመም ያልጠየቀኝን ሰው አሁን ለምን እጠይቀዋለሁ?» «መዘምራን ውስጥ ስንት ዓመት አገልግዬ ማን አመሰገነኝ?» ወገኖቼ፣ ይህ የቀን ሠራተኛ ልብ ነው። የሰጠውን ይመዘግባል፣ የቀረበትን ይመዘግባል፣ ሒሳቡ ካልተካከለ ደግሞ ፍቅሩን ያቆማል።

ሌላም ነገር አስተውሉ። በብዙዎቻችን እጅ ያለው የቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህንን ክፍል ሲተረጉም «ወገን» የሚለውን ቃል አስገብቶበታል። ይህ ልብ የሚነካ አተረጓጎም ነው። ራስ ወዳድነት «እኔ» ብቻ አይልም፤ «እኛ»ም ይላል። ለግሌ አንዲት ሳንቲም ሳልፈልግ ለወገኔ፣ ለመንደሬ፣ ለቡድኔ ብዬ ወንድሜን ልገፋው እችላለሁ። ቁጥሩ ስለበዛ ብቻ ራስ ወዳድነት ፍቅር አይሆንም። ከአንድ ማዕድ የቆረሱ ቅዱሳን በአገር ቤት ወሬ ምክንያት ሰላምታ ሲነፋፈጉ ያየን ሰዎች ይህን ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አያስፈልገንም።

2. ደብዳቤው የተጻፈላቸው ሰዎች

ፊልጵስዩስ በመቄዶንያ የምትገኝ የሮም ቅኝ ከተማ ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ42 ዓመት በከተማዋ አጠገብ ታላቅ ጦርነት ከተደረገ በኋላ ጡረታ የወጡ የሮም ወታደሮች መሬት እየተሰጣቸው ሰፈሩባት። ስለዚህ የሮም ዜግነት በዚያ ከተማ ትልቅ ነገር ነበር። ከፍርስራሿ በተገኙት የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ሰዎች ሹመታቸውንና ማዕረጋቸውን በተርታ ዘርዝረው እናያለን።

ጳውሎስ የሮም ዜጋ ነበር። በሐዋርያት ሥራ 16 እንደምናነበው ግን በዚያች ከተማ ከሲላስ ጋር ተደብድቦ ታስሯል፤ የዜግነቱም ነገር የተነሣው በማግስቱ ነው። ወረቀት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ እናንተ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገባችኋል። እንግዲህ «በክብር የሌላውን አስቀድሙ» የሚል ትምህርት ማዕረግ በሚቆጠርባት ከተማ ውስጥ ምን ያህል እንግዳ እንደሚሆን ገምቱ።

ደግሞም ቤተ ክርስቲያኒቱ ክፉ ቤተ ክርስቲያን አልነበረችም። ለጋስ ነበረች። ለጳውሎስ ደጋግማ ስጦታ ልካለች (ፊልጵስዩስ 4፥15-16)። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 2 ላይ ኤዎድያንና ሲንጤኪን የሚባሉ ሁለት እህቶች አልተስማሙም ነበር። ሁለቱም ከጳውሎስ ጋር በወንጌል የተጋደሉ አገልጋዮች ናቸው። ስለዚህ አንድ ቁም ነገር እንማራለን፦ ሰው ገንዘቡን እየሰጠም ራስ ወዳድ ሊሆን ይችላል። ለሩቁ እየላክን ለቅርቡ ልንነፍግ እንችላለን።

3. የእኔ መዝገብ

ይህን የምነግራችሁ ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬው አይደለም። ሌሊት እየሠራሁ በምማርበት ዘመን ገና አዲስ የመጣ አንድ ወንድም ነበር። የአሻራ ቀጠሮ ስለነበረው ጠዋት እንዳደርሰው ለመነኝ። «ከሌሊት ሥራ ነው የምወጣው፣ እንቅልፍ አለብኝ» አልኩት። ውሸት አልነበረም። በልቤ ያሰብኩት ግን ሌላ ነበር፦ «እኔ ስመጣ ማን አደረሰኝ?» ያ ሰው በሁለት አውቶቡስ ሄዶ አርፍዶ ደረሰ፣ ቀጠሮውም ወደ ሌላ ጊዜ ተላለፈበት። ሲነግረኝ «አይዞህ» አልኩትና አለፍኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። በስደት የምንኖር ሰዎች በዚያ ሰዓት በር ሲንኳኳ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። የአባቴን መርዶ ሊነግሩኝ የመጡ ወንድሞች ናቸው። ከፊት የቆመው ያ ሰው ነበር። ሦስት ቀን ከቤቴ አልተለየም። ወንበር ሲደረድር፣ የቡና ሲኒ ሲያጥብ፣ ሰው ሲሸኝ አየዋለሁ። ከሥራው እንደቀረ፣ በዚያም ምክንያት ሰዓት እንደተቀነሰበት የሰማሁት ዘግይቼ ከሌላ ሰው ነው።

እፍረት ያዘኝ። እፍረቴን ምን አደረግሁት መሰላችሁ? ብር በፖስታ አድርጌ ይዤለት ሄድኩ። ፖስታውን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። «ወንድሜ፣ ለለቅሶም ይከፈላል እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ጥያቄ ከልቤ አልወጣም። ስነፍገውም በሒሳብ ነበር፣ ልመልስለት ስሞክርም በሒሳብ ነበር። ጸጸቴ እንኳ የቀን ሠራተኛ ጸጸት ነበር። ዕዳዬን ዘግቼ እፎይ ለማለት ፈለግሁ እንጂ ወንድሜን ገና አልወደድኩትም። ብዙዎቻችን ራስ ወዳድነትን ለማሸነፍ የምንሞክረው በዚህ መንገድ ነው፤ ወቀሳ ሲሰማን ትንሽ እንጨምራለን፣ ወቀሳው ሲያልፍ እንመለሳለን። መዝገቡ ግን አልተቀደደም።

4. ሁለቱም ልጆች ተቀጣሪ ሆነው አሰቡ

ሉቃስ 15ን እንመልከት። ታናሹ ልጅ ከእሪያዎቹ መካከል ሆኖ ወደ ቤቱ ለመመለስ ሲወስን ምን ብሎ አሰበ? ልጅነቱ እንደቀረ ቆጥሮ ከአባቱ ተቀጣሪዎች እንደ አንዱ እንዲያደርገው ሊለምነው ነበር። ታላቁ ልጅስ? ከእርሻ ተመልሶ የሙዚቃውን ድምፅ ሲሰማ በደጅ ቆመ። ለአባቱም ያገለገለባቸውን ዓመታትና ያልተሰጠውን አንድ የፍየል ጠቦት ቆጠረለት። አንዱ በርቀት፣ ሌላው በቤት ሆኖ ሁለቱም ያሰቡት በደመወዝ ቋንቋ ነው።

አባትየው ለሁለቱም የሰጠው መልስ አንድ ነው። ታናሹ የተቀጣሪነቱን ልመና ሳይጨርስ ልብስና ቀለበት አስመጣለት። ታላቁንም ለመለመን ወደ ውጭ ወጣ፤ ሁልጊዜ ከእርሱ ጋር እንደሆነና ያለው ሁሉ የእርሱ እንደሆነ አስታወሰው። ታላቁ ልጅ ወንድሙን መውደድ ያቃተው ንብረት ስላነሰው አልነበረም። የቤቱ ሁሉ ልጅ ሆኖ ሳለ ራሱን እንደ ሠራተኛ ስለቆጠረ ነው። ለወንድሙ የታረደው ፍሪዳ ከራሱ ሒሳብ የተቀነሰ መሰለው።

ወገኖቼ፣ የዛሬው ትምህርት ዋና ሐሳብ ይህ ነው። ራስ ወዳድነት የሚሸነፈው ራሳችንን በመጥላት ወይም በወቀሳ ብዛት አይደለም። በአባታችን ቤት ልጆች መሆናችንን ስናምን፣ ያለን ነገር ተሠርቶ የተገኘ ሳይሆን የተሰጠን መሆኑ ሲገባን ነው። ጳውሎስም ፊልጵስዩስ 2ን በትእዛዝ አልጀመረም። በቁጥር 1 ላይ በመጀመሪያ በክርስቶስ ያገኘነውን መጽናናት፣ የፍቅርን መጽናናት፣ የመንፈስን ኅብረት አስታወሰ። ስጦታው ቀደመ፤ ትእዛዙ ተከተለ። ያልተቀበለ ሰው ሊሰጥ አይችልም።

5. ክፍያ የሌለውን ስፍራ የወሰደው ጌታ

ከቁጥር 6 እስከ 8 ያለውን በዝግታ አንብቡት። ክርስቶስ በእግዚአብሔር መልክ ሲኖር ያንን እኩልነት እንደሚነጠቅ ነገር ሙጭጭ ብሎ አልያዘውም። ራሱን ባዶ አደረገ፣ የባሪያን መልክ ያዘ። እዚህ ላይ ቁሙ። ጳውሎስ «የተቀጣሪን መልክ» አላለም። ተቀጣሪ ሲመሽ ደመወዙን ይቀበላል። ባሪያ ግን ደመወዝ የለውም፣ ሰዓቱም የራሱ አይደለም። የሁሉ ወራሽ የሆነው ልጅ ማንም ወዶ የማይገባበትን፣ ሒሳብ የማይጠየቅበትን ስፍራ ወሰደ። ከዚያም አልፎ እስከ መስቀል ሞት ታዘዘ።

ይህን ያደረገው ማንነቱን ስለተጠራጠረ አይደለም። ዮሐንስ 13፥3-5ን ተመልከቱ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ለማጠብ የተነሣው አብ ሁሉን በእጁ እንደሰጠው፣ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ እያወቀ ነው። ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጎንበስ ማለት አያስፈራውም። የሌላ ሰው እግር ማጠብ የሚያዋርደን የሚመስለን ክብራችንን ገና ከሰው እጅ ስለምንጠብቅ ነው።

6. ይህ ልብ በሰው ሕይወት ምን ይመስላል?

ጳውሎስ ሁለት ሰዎችን ያሳየናል። የመጀመሪያው ጢሞቴዎስ ነው። ሌሎች የራሳቸውን ሲፈልጉ እርሱ ስለ ፊልጵስዩስ ሰዎች ከልቡ የሚያስብ ነበር (2፥20-21)። እንዴት እንዳገለገለም ሲናገር ልጅ ለአባቱ እንደሚያገለግል ነው ያለው (2፥22)። ይህም ከያዝነው ነገር ጋር አንድ ነው፤ ሠርቷል፣ ግን የሠራው እንደ ልጅ ነው።

ሁለተኛው አፍሮዲጡ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱን ስጦታ ይዞ ወደ ታሰረው ጳውሎስ ሄደ፤ በዚያም ታሞ ለሞት ቀረበ። ያስጨነቀው ነገር ግን ሕመሙ አልነበረም። መታመሙን ወንድሞቹ በመስማታቸው ነበር የተጨነቀው (2፥26)። ይህ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ሆስፒታል ተኝታችሁ እናታችሁ ስትደውል ድምፃችሁን አስተካክላችሁ «ደህና ነኝ» ያላችሁ ሰዎች አፍሮዲጡን ታውቁታላችሁ። ጌታ ይህን ፍቅር ሰጥቶናል። የሚፈልገው ለእናታችን ያለንን አሳብ አጠገባችን ለተቀመጠው ሰውም እንድናሰፋው ነው።

7. አንድ ማስጠንቀቂያ

ይህን ትምህርት ስታነቡ ምናልባት «ከዚህ በላይ ምን ልስጥ?» ያላችሁ አላችሁ። በአረብ አገር በሰው ቤት እየሠራሽ ያገኘሽውን ሁሉ ልከሽ ለራስሽ መድኃኒት መግዣ ያጣሽ እህቴ፣ ይህ ትምህርት ሌላ ሸክም ሊጭንብሽ አልመጣም። ገላትያ 6 በቁጥር 2 የሌላውን ሸክም እንድንሸከም፣ በቁጥር 5 ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን እንዲሸከም ያስተምራል። ሁለቱም የእግዚአብሔር ቃል ናቸው። ጌታም በማርቆስ 1፥35-38 ሁሉም ሲፈልጉት ለብቻው ሊጸልይ ወጣ፤ ሲያገኙትም ወደ ሌሎች መንደሮች ሄደ። ለጠየቀው ሁሉ እሺ አላለም፤ የላከውን ግን ታዘዘ።

ስትሰጡ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምሰጠው ስለምወድ ነው ወይስ ስለምፈራ? «ምን ይሉኛል» ብሎ መስጠትም የተቀጣሪ ልብ ነው፤ የሚጠብቀው ክፍያ የሰው ምስጋና ነው። ተቀባይ ለሆንን ሁሉም ቃል አለ። ከ«ላኪልኝ» በፊት «እንዴት ነሽ? በልተሻል?» ብሎ መጠየቅ ራስ ወዳድነትን ማሸነፍ ነው።

8. በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?

ባህላችን መልካም ነገር አለው። ሰው ደግ ሲያደርግልን «ብድር መላሽ ያድርገኝ» እንላለን። እድራችንና እቁባችን ስንቱን ከውርደት አድነዋል! እነዚህን እናክብራቸው። ነገር ግን እቁብ ተራ አለው፤ ፍቅር ተራ አይጠብቅም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገሮችን ሞክሩ።

አንደኛ፣ ብድሩን ሊመልስላችሁ ለማይችል አንድ ሰው ጊዜያችሁን ስጡ (ሉቃስ 14፥12-14)። አዲስ የመጣ ሰው ካለ ወደ ቀጠሮው አድርሱት። ቋንቋ ለማትችል እናት ደብዳቤዋን አንብቡላት። ለማንም አትንገሩ።

ሁለተኛ፣ በቤታችሁ ከሥራ ስትገቡ ስልኩን አስቀምጡና ሌላው ሰው እንዴት እንደዋለ በመጀመሪያ ጠይቁ። የእናንተን ድካም ከመናገራችሁ በፊት የእርሱን ወይም የእርሷን ስሙ።

ሦስተኛ፣ በልባችሁ መዝገብ ላይ ስሙ የተጻፈበትን አንድ ሰው አስቡ። ምናልባት ያልደወለላችሁ፣ ለቅሶ ያልደረሰ፣ በወገን ጉዳይ የተቀየማችሁት ሰው ነው። ከእሑድ በፊት እናንተ ደውሉ። «ለምን ጠፋህ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «ናፍቀኸኛል» ብላችሁ ጀምሩ። በእርግጥ ካልናፈቃችሁ ደግሞ ከመደወላችሁ በፊት ጸልዩ።

እኔ ያንን ወንድም በኋላ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ በዚያን ጊዜ ፖስታ አልያዝኩም። ስለ አሻራው ቀጠሮ፣ በልቤ ስላሰብኩትም ነገር ነገርኩት። እርሱ ቀጠሮውን እንኳ ረስቶት ነበር። መዝገብ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሉቃስ 15 ካሉት ሁለት ልጆች በዚህ ወቅት የትኛውን ትመስላላችሁ? ለምን?
2. በቤታችሁ ወይም በአገልግሎታችሁ የቀን ሠራተኛ ልብ የሚታየው በምን ጊዜ ነው?
3. «ለወገኔ» ብለን የምናደርገው ነገር ሌላውን ወንድም የሚጎዳው መቼ ነው?
4. በፍቅር መስጠትንና በፍርሃት መስጠትን እንዴት እንለያለን?

ጸሎት

አባት ሆይ፣ በቤትህ ልጆች አድርገኸን ሳለ እንደ ተቀጣሪ ስለቆጠርን ይቅር በለን። ልጅህ ኢየሱስ ክፍያ የሌለውን ስፍራ ስለ እኛ ስለወሰደ እናመሰግንሃለን። የልባችንን መዝገብ ቅደድልን። በአጠገባችን ያለውን ሰው እንድናይ ዓይናችንን ክፈት። በሰው ቤት የሚደክሙትን፣ ሌሊት የሚሠሩትን፣ ብቻቸውን ያሉትን ልጆችህን አጽናና፤ እኛንም ለመጽናናታቸው ተጠቀምብን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።